ሽጉጥ ይዞ አቤት ማለት

ቅዳሜ ነበር፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። በፈረንጆቹ ሰባት ሰዓት ከሩብ ማለቴ ነው፤ በዚህ በአሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ሰዓት ሲናገር ሁለት ጊዜ የመናገር ግዴታ አለበትና። ዝናቡ ካባራ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሆነውም። ከፖቶማክ ወንዝ ላይ የተነሣው ጉም ድልድዩን ከነመብራቱ ውጦታል፤ እኔም ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ የምነዳው ከፊቴ ያለችውን መኪና ቀይ መብራት ብቻ አምኜ ነው።

እኔ የሰውን አስተዳደግ የምለየው በንግግሩ ወይም በአለባበሱ አይደለም፤ ስሙ ከኋላው ሲጠራ በሚያደርገው ነው። አንዳንዱ አንገቱን ብቻ ያዞራል። አንዳንዱ ጭራሽ ሳይዞር እጁን ወደ ላይ ያነሣል፤ ሰምቻለሁ ማለቱ ነው። እናቱ በወጉ ያሳደገችው የእኛ ሰው ግን፣ የጠራው ታላቁ ከሆነ፣ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ይዞራል፤ “አቤት!” ይላል፤ በእጁ የያዘውንም፣ ብርጭቆ ይሁን መጥረጊያ፣ አብሮ ያዞረዋል። በልጅነቴ አንድ ቀን ስጠራ “ምን?” ብዬ የተቀበልኩትን ቁንጥጫ ጭኔ ዛሬም ያስታውሰዋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ችግር የሚመጣው በእጅ ያለው ነገር ሽጉጥ የሆነ ዕለት ነው።

ሽጉጥ ስል አትደንግጡ። ከማንም የተጣላሁ ሰው አይደለሁም። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ተመርቄ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንድ የመነጽር መደብር ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ፣ ለሰው ሁሉ “ይሄኛው ፍሬም ፊትዎን ያረዝመዋል” እያልኩ የምኖር ሰላማዊ ፍጡር ነኝ። ወደዚህ ነገር ያስገቡኝ ጋሽ ወንድይራድ ናቸው። አንድ ቀን ወደ መደብሩ ገብተው፣ ከኪሳቸው የራሳቸውን ሜትር አወጡና ከዐይናቸው እስከ ተዘረጋው እጃቸው ጫፍ ለኩ። ከዚያ ልክ በዚያ ርቀት ያለን ነገር ጥርት አድርጎ የሚያሳይ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ቢደበዝዝ ቅር የማይላቸው መነጽር ጠየቁኝ። በዘመኔ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ሩቁን ወይም መጽሐፉን ማየት ይፈልጋል፤ የእጁን ጫፍ ማየት የሚፈልግ ማነው? ብጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከሽጉጥ አፈሙዝ ላይ ያለችውን ትንሽ ማነጣጠሪያ ለማየት መሆኑን ነገሩኝ። ዐይኔ መፍጠጡን አይተው መሰለኝ፣ “ቅዳሜ ሥራ አለህ?” አሉኝ። አልነበረኝም። የሆነው ሁሉ የሆነው እንግዲህ ቅዳሜ ሥራ ስላልነበረኝ ነው።

ጋሽ ወንድይራድ በአገር ቤት መሬት ቀያሽ ነበሩ። በዚህ አገር ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ በአንድ ሆስፒታል ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርተዋል። ዕድሜያቸው ስድሳ ስምንት፣ ቁመታቸው እንደ መቀየሻ ዘንግ ቀጥ ያለ ነው። ከጌይተርስበርግ አልፎ፣ ከበቆሎ እርሻዎቹ መካከል ባለ አንድ የተኩስ ሜዳ በየወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ ውድድር አለ፤ እሳቸው ከዚያ ቀርተው አያውቁም።

ውድድሩ ቆሞ መተኮስ አይደለም። ከጣውላና ከመረብ የተሠሩ ግድግዳዎች፣ በሮች፣ በርሜሎች ይደረደራሉ፤ በየመካከላቸው የካርቶን ዒላማዎች ይተከላሉ፤ ተወዳዳሪው ጢጥ የምትል ሰዓት ስትጮህ እየሮጠ፣ እያጎነበሰ፣ እየተኮሰ ያልፋል፤ ያገኘው ነጥብ በፈጀው ሰከንድ ይካፈላል። እንዲህ ያለው አንዱ አደራደር ስቴጅ ይባላል፤ በቀን አምስት አለ። ከመጀመሩ በፊት ተወዳዳሪው ሁሉ ባዶ ጣቱን እንደ ሽጉጥ ቀስሮ፣ “እዚህ ሁለት፣ እዚያ ሁለት፣ እዚህ የጥይት ካዝና እቀይራለሁ” እያለ እያጉረመረመ መንገዱን ያጠናል። ሃያና ሠላሳ ጎልማሳ፣ ጠበቃው፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ በጭቃ ሜዳ ላይ ዐይኑን ጨፍኖ ጣቱን ቀስሮ ሲመላለስ ያየ ሰው፣ ይህ ሕዝብ በክብር አብዷል ቢል አይፈረድበትም።

ሕጉ ደግሞ አንድ ነው ማለት ይቻላል። አፈሙዙ ምንጊዜም ከፊት ለፊት ወዳለው የአፈር ክምር ይመልከት። ከትከሻ እስከ ትከሻችሁ የተሰመረ መስመር እንዳለ አስቡ፤ አፈሙዙ ያን መስመር በጣት ስፋት እንኳ ካለፈ የዕለቱ ውጤታችሁ በሙሉ ይሰረዛል። ይግባኝ የለም፤ ምልጃ የለም፤ ሽማግሌ አይላክም።

ጋሽ ወንድይራድ ስድስት ሳምንት ሽጉጥ አላስነኩኝም። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ጣትን ነው፤ ለመተኮስ እስኪቆርጡ ድረስ ጣት ከቃታው ውጭ፣ ከብረቱ ጎን ተዘርግቶ ይቀመጣል። ይህን ትምህርት የሚሰጡኝ በየትም ነው። ነዳጅ ማደያ ቆሜ የመቅጃውን እጀታ ስጨብጥ ከመኪናው ውስጥ “ጣት!” ይሉኛል። የመስታወት ማጽጃ ስረጭ “ጣት!” በመደብሬ ባንኮኒ ላይ የዋጋ መለጠፊያዋን መሣሪያ ሳነሣ እሳቸው በሌሉበት ድምፃቸውን መስማት ጀምሬ ነበር። ሦስተኛዋ የቡድናችን ሰው ሔለን ናት፤ በአሌክሳንድሪያ ነርስ ናት፤ ከሁላችንም ፈጣን፣ ከሁላችንም ተሳዳቢ። “ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ሚስት ቢያገባ እንኳ ቀለበቱን የሚያጠልቀው ጣቱን ዘርግቶ ነው” ትላቸዋለች። እሳቸውም ሳይስቁ፣ “ቀለበት እንደዚያ ነው የሚጠለቀው” ይሏታል።

ስለዚህ ስፖርት አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ጉዳዬ ልመለስ። አንዱ ተኩሶ ሲጨርስ፣ የቀሩት ተፎካካሪዎቹ የተለጣፊ ወረቀት ጥቅል ይዘው ወደ ዒላማዎቹ ይሄዳሉ፤ እርሱ የበሳውን ቀዳዳ አንድ በአንድ ይደፍኑለታል። የሳተውን አይተው ዝም ይላሉ፤ ያገኘውን አይተው “ናይስ” ይላሉ፤ ለሚቀጥለው ሰው ዒላማው እንደ አዲስ ይቆማል። በየትኛው የሰው ልጅ ጉዳይ ነው ተፎካካሪህ ስሕተትህን በገዛ እጁ የሚሸፍንልህ? እኔ ብዙ ስለምስት ብዙ ተሸፍኖልኛል።

ዋናው ነውሬ ግን መሳት አይደለም፤ መርሳት ነው። በስምንት ወር ውስጥ አንድም ዒላማ ሳልረሳ የጨረስኩት ውድድር አልነበረም። ሁልጊዜ አንድ ካርቶን፣ ከአንድ በርሜል ጀርባ፣ አንድም ጥይት ሳይነካው፣ እንደተረሳ ዘመድ ቆሞ ይገኛል። ገጽ ሙሉ ግጥም በቃሉ የሚወጣ ሰው ዐሥራ ሁለት ካርቶን መያዝ አቃተው!

ያን ጉም ያለበት ቅዳሜ ጋሽ ወንድይራድ ከደጃቸው ቆመው ጠበቁኝ። የተቆለፉትን የሽጉጥ ሣጥኖች ከመኪናው ኋላ አስገብተን ወደ ሰሜን መንዳት ስንጀምር፣ እንደ ዋዛ፣ “ልጄ ኮል አድርጋኝ ነበር” አሉ። ዳላስ ያለችው ልጃቸው ክፍል አዘጋጅታለች፤ ብቻዎን አይኖሩም ብላለች፤ ትኬቱ ተቆርጧል። የሚሄዱት ከሚቀጥለው ውድድር በኋላ ባለው ረቡዕ ነው። ይህን ቅዳሜ ጨምሮ ሁለት ውድድር ቀረን ማለት ነው። መስኮቱን እያዩ፣ “እኔ ሥራ ጀምሬ ሳልጨርስ ሄጄ አላውቅም” አሉ። “አንድ ማች፣ አንድም ሳትረሳ ጨርስልኝ። ሌላ ስንብት አልፈልግም።”

መንገዱ ጎርባጣ ነው፣ ዐይኔ አቧራ ገባበት እንዳልል አስፋልቱ ለስላሳ፣ አየሩ ዝናብ የጠገበ ነው። “እሺ ጋሼ” አልኩ።

አራቱ ስቴጆች አለፉ። አንድም አልረሳሁ። ሔለን ግንባሬን በእጇ ጀርባ እየዳሰሰች ትኩሳት እንዳለብኝ መረመረችኝ። አምስተኛው ላይ ግን ሰማያዊ በርሜሎች ነበሩ፤ ከመጨረሻው በርሜል ጀርባ፣ ወደ ግራ ካልተዘነበለ በቀር የማይታይ አንድ ዒላማ ነበረ። ጋሼ ሁለት ጊዜ አሳዩኝ። በእርምጃ ለኩልኝ፤ “ከበሩ ሰባት እርምጃ፤ ከዚያ ዘንበል” አሉኝ። ሰባት፣ ዘንበል፤ ሰባት፣ ዘንበል፤ እንደ ውዳሴ ደገምኩት። ዳኛው ዴቭ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የሚወርድ ትልቅ ሰው፣ ከኋላዬ ቆመ። ሰዓቷ ጢጥ አለች።

እንዴት ያለ ሩጫ ነበር! በሩን አለፍኩ፣ ካዝና ቀየርኩ፣ ሰባት እርምጃ ተራመድኩ፣ ከፊቴ የሚታየውን ሁሉ በሳሁ፤ እናም ክንዴን ዝቅ ማድረግ ጀመርኩ። ዘንበል ቀረች።

በትልልቅ ውድድር ከኋላ ሆኖ ተኳሽን መምከር ነውር ነው፤ በእኛ ትንሽ ሜዳ ግን ማንም ቅር አይለውም። ጋሽ ወንድይራድም የስምንት ወር ድካማቸው ከበርሜል ጀርባ ሲቀር ቆመው ማየት አልቻሉም። ከሆዳቸው፣ “ዳዊት!” ብለው ተጣሩ።

“አቤት!”

ዞርኩ። አንገቴን ብቻ ያዞርኩ መስሏችሁ ከሆነ እናቴን አታውቋትም። ሙሉ ሰውነቴን ነው፤ ጉልበቴ እንኳ ትንሽ ሸብረክ ብሎ ነበር ይላሉ ያዩ ሰዎች። ሽጉጡም እንደ ጨዋ ልጅ አብሮኝ ዞረ። ዴቭ “ስቶፕ!” ብሎ ያን ግዙፍ እጁን ክንዴ ላይ ሲያሳርፍ፣ አፈሙዙ መስመሩን አልፎ ወደ ግራ ያለውን የአፈር ክምር እያየ ነበር። ጣቴ ከቃታው ውጭ፣ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፤ ለዚህ እግዚአብሔርንና የነዳጅ ማደያውን አመሰግናለሁ። ዴቭ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ኖሮ ግን አፈሙዙ ሰዎች ከቆሙበት ይደርስ ነበር። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ዴቭ ፊቴን መለሰኝ፤ ጥይቱን አስወጣኝ፤ ባዶ መሆኑን አይቶ ወደ አፎቱ አስመለሰኝ፤ ከዚያ በሐዘን ድምፅ የዛሬው ቀን ለእኔ ማብቃቱን ነገረኝ። ቀጥሎም ምን ብዬ እንደጮህኩ ጠየቀ። ሔለን፣ በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲጠራ እንዲያ ተብሎ እንደሚዞር አስረዳችው። ዴቭ ጢሙን እየጎተተ ትንሽ አሰበና፣ በዓለም ላይ በትሕትና ብዛት የተባረረ ተኳሽ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ተናገረ። ሔለን ወደ እኔ ዞራ፣ “ስም ሲጠሩ ሰምተህ ክፍል ውስጥ ያለህ መሰለህ እንዴ? ‘አለሁ ቲቸር’ ማለት ብቻ ነው የቀረህ” አለችኝ። አልሳቅሁም። እሷም ቀልዷን መሐል ላይ አቋረጠች፤ ጋሽ ወንድይራድን አይታ ነው።

ጋሼ ዴቭ ፊት ቆመው ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የጠራሁት እኔ ነኝ ይላሉ። ዴቭ ደግሞ ሽጉጡን የያዘው ሰው ነው ኃላፊው ይላል። ልክ ነበር፤ ጋሼም ልክ መሆኑን ያውቃሉ፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ስለዚህ ክርክሩን ተዉ። ተራቸው ሲደርስና ዴቭ ስማቸውን ሲጠራ ግን የሽጉጥ ቀበቷቸውን ፈትተው ከሣጥኑ ውስጥ አስቀመጡና፣ “ተማሪዬ ከወጣ እኔ ምን እሠራለሁ?” አሉ። አራት ስቴጅ በሚገባ የተኮሱበትን ቀን፣ ከቀራቸው ሁለት አንዱን፣ እንዲህ ጣሉት። ከዚያ አንዱን የተለጣፊ ጥቅል ለእኔ ሰጡኝ፤ አንዱን ራሳቸው ያዙ፤ እስከ መጨረሻው ተኳሽ ድረስ የሰው ቀዳዳ ስንደፍን ዋልን።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ትምህርት ተጀመረ። ቦታው አሌክሳንድሪያ፣ የጋሼ ቤዝመንት፤ ግማሹ በካርቶን ታሽጎ ዳላስን ይጠብቃል። በእጄ የያዝኩት የቴሌቪዥን ሪሞት ነው። ወደ ግድግዳው አነጣጥራለሁ፤ እሳቸው ከኋላዬ ሆነው ይጠሩኛል፤ የእኔ ሥራ አለመዞር ነው። ቀላል ይመስላል? እስቲ ሞክሩት! “ዳዊት!” ሲሉ ዞርኩ። “አንተ ልጅ!” ሲሉ ዞርኩ። ሔለንን በስልክ አስገቧት፤ “ዳዊት፣ ደሞዝ ጨመሩልህ!” ብላ ጮኸች፤ ለዚህ እንኳ አልዞርኩም፤ እንደማይሆን አውቃለሁና። ቀጥለው “ዳዊት፣ የኔ ልጅ” ሲሉኝ ግን እንደ በር ተከፈትኩ።

በሁለተኛው እሑድ ጋሼ አንድ ጭካኔ አሰቡ፤ አዲስ አበባ ያለችውን እናቴን በቪዲዮ አስደወሉኝና ስልኩን ከኋላዬ ይዘው ቆሙ። እናቴ “ዳዊትዬ” አለች። መዞሬን ልነግራችሁ አያስፈልግም። ነገሩ ሲብራራላት፣ “ስጠራው እንዳይዞር ነው የሚያስተምሩት?” ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሼ እንደ ተማሪ ተቅለስልሰው፣ “ለደኅንነቱ ነው እኮ፣ ሌላ አይደለም” አሏት። “እሱስ ይሁን” አለች እናቴ፤ “ሲጨርሱ ግን መልሰው ያስተምሩታል?” ጋሼ ሳቁ።

በአራተኛው እሑድ ጋሽ ወንድይራድ ሃያ ጊዜ ጠሩኝ። ሃያ ጊዜ አልዞርኩም። ትከሻዬ ተቆለፈ፤ ዐይኔ ከግድግዳው አልተነቀለ፤ ጣቴ ከሪሞቱ ጎን እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ “በቃ፣ ያዝከው” አሉ፤ ወደ ካርቶኖቻቸውም ተመለሱ።

የመጨረሻው ውድድር ቀን ፀሐይ የሞላበት፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ብርድ ያለበት ቀን ነበር። አራቱን አለፍኩ። በአምስተኛው ስቴጅ መሐል፣ ጋሼ ከዴቭ ጋር አስቀድመው ተስማምተው ኖሮ፣ በዚያው ድምፃቸው፣ “ዳዊት!” አሉ። ዴቭም ለማንኛውም ብሎ እጁን ወደ ክንዴ አስጠግቷል። እኔ ግን ወደፊት ሮጥኩ። ዘንበል አልኩ፤ ከግድግዳው ጀርባ የተደበቀችውን የመጨረሻ ካርቶን ሁለት ጊዜ በሳኋት። አንድም አልረሳሁ። ውጤቱ በስልክ ሲመጣ ከመጨረሻው ሦስተኛ ሆኛለሁ። ሔለን ዝርዝሩን ገልብጣ ያዘችና፣ “እንግዲህ ነሐስ ነው” አለች። ጋሽ ወንድይራድ ያንኑ ዝርዝር ወስደው፣ መነጽራቸውን ቀይረው፣ ስሜን በጣታቸው እያሳዩ ለዴቭ፣ ለጠበቃው፣ ለጥርስ ሐኪሙ፣ ለማያውቁት አንድ ሰውዬም ጭምር አስነበቡት። የዲግሪዬን ወረቀት እንኳ እንዲህ አድርጎ ያየልኝ ሰው የለም።

ረቡዕ በእኩለ ቀን አውሮፕላን ማረፊያ አደረስኳቸው። እዚያ መኪና ማቆም ክልክል ነው፤ ፖሊሱ ፊሽካውን ይነፋል፤ ከኋላችን ያለው ጥሩምባውን ያስጮሃል። ሁለቱን ሻንጣ አወረድኩ። ስንብት አልፈልግም እንዳሉት፣ ትከሻችንን ሦስት ጊዜ አጋጨን፤ “በል፣ ሰውየው ተቆጣ፣ ሂድ” አሉኝ። ዞሬ ወደ መኪናዬ መራመድ ጀመርኩ።

“ዳዊት!”

አልዞርኩም። ምን ዓይነት ተማሪ እንደሆንኩ ተመልከቱልኝ! ትከሻዬ ተቆለፈ። ዐይኔ ከፊት ለፊት ተተከለ። በእጄ የነበረው የመኪና ቁልፍ ነው፤ ጣቴ ግን ከጎኑ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ሦስት እርምጃ፣ ምናልባትም አራት፣ እንዲሁ ሄድኩ። በእጄ ሽጉጥ እንደሌለ አእምሮዬ ለገላዬ ነግሮት ስዞር፣ የማረፊያው የመስታወት በር ከኋላቸው ተዘግቷል፤ በመካከላችን አንድ ቤተሰብ ጋሪ ሙሉ ሻንጣ እየገፋ ያልፋል።

መኪናው ውስጥ ገብቼ ደወልኩላቸው። የፍተሻው ሰልፍ ላይ ነበሩ። ምን ሊሉኝ እንደነበር ጠየቅኋቸው። “ምንም አይደል” አሉኝ፤ “ትዞር እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።” ቀጥለውም፣ “አልዞርክም። ጎበዝ” አሉ። ድምፃቸው የኮራ ሰው ድምፅ ይሁን ወይም ሌላ፣ ስልክ አይለይም።

አሁን በየወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ሔለንና እኔ ቀዳዳ ደፍነን ስንመለስ ይደውሉልኛል። ዳላስም ሜዳ አግኝተዋል፤ አንድ የባንክ ቤት ሠራተኛን “ጣት!” እያሉ እያስተማሩ ነው። “አቤት ጋሼ” እላለሁ፣ በመኪናው የፊት መስታወት በኩል መንገዱን እያየሁ። ስንት እንደረሳሁ ይጠይቁኛል፤ እነግራቸዋለሁ፤ እንስቃለን።

ያን ረቡዕ ሲጠሩኝ ፊታቸው ምን ይመስል እንደነበር ግን አላየሁም። ያጣሁት እሱን ነው።